በከተማ ድህነት የሚያድግ ልጅን ስፖንሰር ማድረግ፦ ከመጀመሪያው ክፍያ እስከ ስንብቱ

ልጅ ስፖንሰር ማድረግ ቀላል ይመስላል። ፎቶ ታያላችሁ፣ ፎርም ትሞላላችሁ፣ በየወሩ ከሒሳባችሁ ይቆረጣል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡ በእርግጥ ይደርሳል? ደብዳቤ ላይ ምን ልጻፍ? ቤተሰቡ ሰፈር ቢቀይርስ? እኔስ እጄ ቢያጥረኝ?

ይህ መመሪያ እነዚህን በየተራ ያነሳል። ትኩረቱ ከተማ ውስጥ በድህነት የሚያድጉ ልጆች ላይ ነው፤ የከተማ ድህነት የራሱ ጠባይ አለውና። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በእንዲህ ያለ ልጅ ሕይወት ውስጥ ሁሉም ነገር ይቀያየራል፤ ቤቱ፣ ሰፈሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የእናቱ ሥራ። ከእናንተ አጥብቆ የሚፈልገው የማይቀያየር ነገር ነው። ከዚህ በታች የምመክረው ሁሉ ከዚሁ የሚነሳ ነው።

1. መጀመሪያ ችግሩን በቅርብ እዩት

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሆነው ዩኤን-ሃቢታት አንድ ቤተሰብ በተጎሳቆለ ሰፈር ይኖራል የሚለው ከአምስት ነገሮች አንዱ እንኳ ሲጎድለው ነው። እነሱም የማይፈርስ ቤት፣ በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ የማይታጨቅበት ቦታ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ደህና መጸዳጃ ቤት፣ እና ነገ ተነሱ ላለመባል ዋስትና ናቸው። በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው እንዲህ ባለ ሰፈር ይኖራል።

ከአምስቱ ብዙ ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ነው። ለልጁ ትምህርት ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ሊሆን ይችላል። አንዲት ክፍል አስቡ። አልጋው ቀን መቀመጫ ነው፣ ማታ ሦስት ልጆች ተጠጋግተው ይተኙበታል። ትልቋ ልጅ የቤት ሥራዋን የምትሠራው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው። ትንሹ ያለቅሳል። በስሱ ግድግዳ የጎረቤት ሬዲዮ ይገባል። እናት ገና ከሥራ አልመጣችም። ወሩ ሲያልቅ አከራዩ ያንኳኳል፤ ኪራይ ጨምሯል። በሚቀጥለው ሳምንት ጓዙ በሁለት ጆንያ ተጠቅልሎ ወደ ከተማው ዳር ይሄዳል። ትምህርት ቤቱ ግን እዚያው ይቀራል። ልጅቷም ወይ ሁለት ሰዓት በእግሯ ትመላለሳለች፣ ወይ መሐል ዓመት ላይ ታቋርጣለች።

ሌላም አለ። ትምህርት ነጻ ነው በሚባልበት ቦታ እንኳ ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ ደብተር፣ ትራንስፖርትና የፈተና ክፍያ አለ። ሆስፒታሉ መንገድ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፤ ካርድ ማውጫው ግን ከሌለ ቅርበቱ ምንም አይጠቅምም። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ሙሉ በሙሉ ስለ ከተማ ልጆች ነበር። ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነው፦ የከተማ አማካይ አሃዝ ሀብታሙንና ድሃውን አንድ ላይ ስለሚደምር፣ ከፎቁ ጀርባ ያለው ልጅ አይታይም።

ይህን ካወቃችሁ የድርጅት ማስታወቂያ ስታዩ የምትጠይቁት ጥያቄ ይለወጣል። «ደብተር ትገዛላችሁ?» ብላችሁ አታቆሙም። «ቤተሰቡ ከቤት ሲወጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ትላላችሁ።

2. የስፖንሰርነት ዓይነቱን ለዩ

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ1919 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተራቡ የአውሮፓ ልጆች ለመድረስ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዷ ኤግላንታይን ጀብ ናት። ዛሬ ፕላን ኢንተርናሽናል የሚባለው ደግሞ በ1937 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት መሐል ተጀመረ። አንድ ደጋፊ ከአንድ ልጅ ጋር ደብዳቤና ፎቶ የሚለዋወጥበት መንገድ እየተስፋፋ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል በ1952፣ ከኮሪያ ጦርነት ወላጅ አልባ ልጆች ጋር ተያይዞ ተመሠረተ።

አሁን የምታገኟቸው ድርጅቶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንዳንዱ ገንዘባችሁ በስም ለምታውቁት ልጅ ይውላል። ልጁ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ማዕከል ይሄዳል፣ ይማራል፣ ይመገባል፣ ይታከማል። በሌላው ደግሞ የሁሉም ስፖንሰሮች ገንዘብ አንድ ላይ ይሆንና ለሰፈሩ ይውላል፤ ቧንቧ ይገባል፣ ትምህርት ቤት ይጠገናል። የእናንተ ልጅ የዚያ ሰፈር ወኪል ሆኖ ይጽፍላችኋል እንጂ በስሙ የተቀመጠ ገንዘብ የለም።

ሁለቱም ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግር የሚፈጠረው ደጋፊው የመጀመሪያውን አስቦ ለሁለተኛው ሲከፍል ነው። ስለዚህ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት በቀጥታ ጠይቁ፦ «የእኔ ገንዘብ በዚህ ልጅ ስም ይወጣል ወይስ ለሰፈሩ?» መልሱን በጽሑፍ ብታገኙት ይሻላል።

ለከተማ ልጅ የትኛው ይመረጣል? እኔ ብጠየቅ ልጁን ተከትሎ የሚሄደውን እመርጣለሁ። ለሰፈሩ የተሠራው ቧንቧ ቤተሰቡ ሲነቀል አብሮት አይሄድም። ነዋሪው በማይፈናቀልበት፣ የቤት ይዞታው በተረጋገጠበት ሰፈር ከሆነ ግን የጋራው መንገድ ለብዙ ልጅ ይደርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ ይሁን። ስፖንሰርነት ጉዲፈቻ አይደለም። ልጁ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አለው። የት ይማር፣ ከማን ጋር ይኑር የሚሉት ውሳኔዎች የእነሱ ናቸው።

3. በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ይህን ለማለት የሚያስደፍር ጥናት አለ። ብሩስ ዋይዲክ፣ ፖል ግሊዊና ሌን ረትሌጅ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በልጅነታቸው በኮምፓሽን በኩል ስፖንሰር የነበራቸውን ሰዎች ካደጉ በኋላ ፈልገው አገኙና ስፖንሰር ካልነበራቸው ወንድምና እህቶቻቸው እንዲሁም ከሌሎች እኩዮቻቸው ጋር አወዳደሩ። ጥናቱ በስድስት አገሮች፣ ማለትም በኡጋንዳ፣ በኬንያ፣ በሕንድ፣ በፊሊፒንስ፣ በጓቲማላና በቦሊቪያ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ስፖንሰር የነበራቸው ልጆች ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል የሚጠጋ ተጨማሪ ጊዜ ተምረዋል። ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸውም ከ12 እስከ 18 በመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላው ጥናት ነው። ከእነዚሁ ተመራማሪዎች ሁለቱ ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆነው በጃካርታ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች ለሚኖሩ ልጆች ባለቀለም እርሳስ ሰጡና ራሳችሁን ሳሉ አሏቸው። ከዚያ ሥዕሎቹን መረመሩ። ስፖንሰር ያላቸው ልጆች ሥዕል ላይ ደስታ፣ በራስ መተማመንና ተስፋ ጎልቶ ታየ። ደብተርና ዩኒፎርም ብቻ ይህን አያመጣም። ልጁ አንድ ሰው እንዳሰበው ያውቃል፤ ነገ የሆነ ቦታ እንደሚደርስ የሚነግረው ሰው አለ።

ይህን የምነግራችሁ ደብዳቤ መጻፍን እንደ ትርፍ ነገር እንዳታዩት ብዬ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

4. ድርጅቱን መርምሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለው ጋዜጣ ሠራተኞቹ ስማቸውን ሳይገልጹ በተለያዩ ድርጅቶች በኩል 12 ልጆችን ስፖንሰር አድርገው ቆይተው፣ ልጆቹን በየአገራቸው ፈልገው የደረሱበትን አተመ። ከልጆቹ አንዷ ከሞተች ቆይታለች፤ ክፍያው ግን ቀጥሏል፣ ለደጋፊዋም የተነገረ ነገር የለም። የረባ ጥቅም ያላገኙም ነበሩ። ብዙ ድርጅቶች ከዚያ ወዲህ ቁጥጥራቸውን አጥብቀዋል። ቢሆንም መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው።

ከምዝገባው ጀምሩ። ድርጅቱ በተመዘገበበት አገር የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አለ። በብዙ አገር መዝገቡ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። በእንግሊዝና ዌልስ የበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ የድርጅቱን ስም ጽፋችሁ ገቢና ወጪውን ታያላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ድርጅቶች ፎርም 990 የሚባል ዓመታዊ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ማየት ለፈለገ ሰው ማሳየትም ግዴታቸው ነው። ቻሪቲ ናቪጌተርን የመሳሰሉ መዛኞችም አሉ። እነሱ የሚሰጡት ኮከብ ለመነሻ ይጠቅማል፤ በኮከብ ብቻ ግን አትወስኑ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ከመቶ ስንቱ ለአስተዳደር ይሄዳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱ ግን ሊያሳስት ይችላል። ለከተማ ልጅ ትልቁ አገልግሎት ቤት ለቤት የሚሄድ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው። አንድ ልጅ ሳምንት ከቀረ የት ሄደ ብሎ የሚፈልገው እሱ ነው። ደመወዙን ቆርጦ «ወጪያችን ትንሽ ነው» የሚል ድርጅት ልጁን በቀላሉ ሊያጣው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ ስንት ልጅ ይከታተላል? በምን ያህል ጊዜ አንዴ ቤታቸው ይሄዳል? ቁጥሩ በመቶዎች ከሆነ መከታተል ይባላል እንጂ ክትትል የለም።

ቀጥሎ የቤት ኪራዩን ነገር አንሱ። ቤተሰቡ ሰፈር ሲቀይር ልጁ ከፕሮግራሙ ይወጣል? ወደ ሌላ ማዕከል ይዛወራል? የትራንስፖርት ገንዘብ ይሰጠዋል? ለድንገተኛ ችግር የሚሆን መጠባበቂያ አላቸው? እናትየው የቁጠባ ቡድን ውስጥ ትገባለች? ትንሽ ንግድ እንድትጀምር ይረዷታል? እንደኔ እንደኔ ለከተማ ልጅ የሚሠራን ድርጅት ከሌላው የሚለየው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። «በዓመት ስንት ልጅ በቤት መቀየር ምክንያት ይጠፋባችኋል?» ብላችሁ ስትጠይቁ ቁጥር የሚነግራችሁን እመኑት። «ማንም አይጠፋብንም» የሚላችሁን ደግማችሁ ጠይቁት።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበል። ስለ ልጆች ጥበቃ የተጻፈ ፖሊሲ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ። አገልግሎቱ ሃይማኖታዊ ትምህርት ይጨምር እንደሆነ እወቁ፤ ልጁ ወይም ቤተሰቡ ያንን ባይፈልግ ምን እንደሚሆንም ጭምር። የማያፍር ድርጅት ይህን ሁሉ በሁለት ኢሜይል ይመልሳል።

ከእነዚህ ራቁ፦ ዛሬውኑ ካልከፈላችሁ ልጁ ይሞታል የሚል፣ ልጁን እርቃኑን ወይም ሲያለቅስ የሚያሳይ፣ ገንዘቡን በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አስገቡልኝ የሚል፣ የልጁን ሙሉ ስምና ሰፈር ለሁሉም ሰው የሚለጥፍ።

5. መጠኑንና ጊዜውን ወስኑ

ስሜት በሞቀበት ሰዓት አትወስኑ። ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ አንሱ፦ ሥራዬን ባጣ ይህን ክፍያ ስንት ወር ልቀጥል እችላለሁ? መልሱ አንድም ወር ከሆነ መጠኑን ቀንሱ፣ ወይም ከጓደኛ ጋር ሁለት ሆናችሁ አንድ ልጅ ያዙ። ከመጀመራችሁ በፊት የሦስት ወር ክፍያ ለይቶ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ጊዜውን በዓመት አስቡት። ልጁ አምስት ዓመቱ ከሆነ ትምህርቱን እስኪጨርስ ከአሥር ዓመት በላይ አለው። ይህ ከበዳችሁ ነውር የለውም። የአሥራ ሦስት ወይም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ምረጡ። እስከ መጨረሻው አብራችሁት ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ይህ ደግሞ ሁለት ዓመት ሞክሮ ከመተው እጅግ ይበልጣል። ክፍያውን ከባንክ በራሱ እንዲቆረጥ አድርጉት። የሚረሳ ነገር እንዳይሆን።

6. ልጁን ስትመርጡ

ድረ ገጹ ላይ ፎቶዎች ተደርድረዋል። ዓይን የሚያርፈው ትንንሾቹና ፈገግ ያሉት ላይ ነው። ከፍ ያሉት ልጆች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ብዙ ይጠብቃሉ። እኔ የምመክረው ፎቶውን ሳታዩ ለድርጅቱ «ብዙ የጠበቀውን ስጡኝ» ማለት ነው። ወርልድ ቪዥን እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ነገሩን ገልብጦ ልጆቹ የደጋፊዎችን ፎቶ አይተው እንዲመርጡ የሚያደርግበት አሠራርም አለው። ልጁ ወንድምና እህት ካሉት ስለ እነሱም ጠይቁ። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ብቻ አዲስ ጫማ ሲያደርግ ሌሎቹ ያያሉ። ለቤተሰብ ስጦታ መላክ የሚቻልበት መንገድ ካለ በእሱ ተጠቀሙ።

7. ደብዳቤው

ብዙ ደጋፊ ከፍሎ ዝም ይላል። የሚጽፈው ስለጠፋበት ነው። ልጁ ግን ይጠብቃል። ደብዳቤ ለሌሎች ሲታደል እጁ ባዶ የሆነበትን ልጅ አስቡት።

በዓመት ሦስት ወይም አራት ደብዳቤ ይበቃል። አጭር ይሁን። ደብዳቤው በአስተርጓሚ ሊያልፍ ስለሚችል ቀልድና ተረት አታብዙበት። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፦

«ሰላም ነሽ? እኔና ቤተሰቤ ደህና ነን። የሳልሽልኝ ወፍ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅላለች። ክንፏን አረንጓዴ ማድረግሽን በጣም ወደድኩት፤ ግን ለምን አረንጓዴ? ሒሳብ እንደምትወጂ ጽፈሽልኛል። እኔ ልጅ ሆኜ የ7 ብዜት አልያዝልኝ ብሎ ያስቸግረኝ ነበር። አንቺ እንዴት ነው የያዝሽው? ታናሽ ወንድምሽስ ትምህርት ጀመረ? ፈተናሽ በሚቀጥለው ወር እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚያ ሳምንት አስብሻለሁ። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።»

ደብዳቤው ውስጥ ያለውን ልብ በሉ። ልጅቷ ባለፈው የነገረችው ነገር ተመልሶ ተነስቷል። መልስ የምትሰጥበት ጥያቄ አለ። ወንድሟም እናቷም አልተረሱም። ስለ ገንዘብ አንድም ቃል የለም።

መጻፍ የሌለባችሁ ምንድነው? ስለ አዲሱ መኪናችሁ፣ ስለ ሽርሽራችሁ፣ ስለ ሰፊው ሳሎናችሁ አትጻፉ። ይህ ግልጽ ነው። የማይታዩት ይብሳሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ ጣሪያ ላይ ሲወርድ መስማት ደስ ይላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለእናንተ ምንም አይደለም። ጣሪያው ለሚያፈስበት ልጅ ግን ሌሊቱ ሌላ ነው። «እንደምመጣ ቃል እገባለሁ» አትበሉ። «ጎበዝ ካልሆንክ አዝናለሁ» አትበሉ። «ስለ ድጋፌ ምን ይሰማሃል?» ብላችሁም አታስጨንቁት። ልጁ ለእናንተ ውለታ የለበትም።

መልሱ ሲመጣ ቅር ሊላችሁ ይችላል። ሦስት መስመር፣ የተለመደ ሰላምታ፣ ከታች አንድ ቤት የተሳለበት። አትዘኑ። መጻፍ ገና የሚለምድ ልጅ ነው፤ ብዙ ጊዜም አርባና ሃምሳ ልጆች በአንድ ጠባብ አዳራሽ ተቀምጠው ነው የሚጽፉት። ሥዕሉን በደንብ እዩት። ቤቱ ስንት መስኮት አለው? በሩ ላይ የቆመችው ማን ናት? ቀጣዩን ደብዳቤያችሁን ከዚያ ጀምሩ።

8. ስጦታ፣ ጉብኝት፣ ፎቶ

ትልቅ እሽግ አትላኩ። የጉምሩኩ ወጪ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል፤ ሰፈር ውስጥም ልጁን ለሌባ ያጋልጠዋል። ፖስታ ውስጥ የሚገባ ነገር ይበቃል፦ ፎቶ፣ ስቲከር፣ ባለቀለም ወረቀት። ለልደቱ ገንዘብ መላክ ከፈለጋችሁ በድርጅቱ በኩል ላኩና ምን እንደተገዛለት ጠይቁ።

ልጁን በማኅበራዊ ሚዲያ አትፈልጉት። እሱ ቢያገኛችሁም በውስጥ መስመር አትጻፉለት፤ ለድርጅቱ ንገሩ። እናንተ ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም። ደግ መስሎ የሚመጣ ክፉ ሰው የሚገባው በዚያው በር ስለሆነ ደንቡ ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። ለመጎብኘት ስትጠይቁም ድርጅቱ ከወንጀል ነጻ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ቢጠይቃችሁ፣ ከልጁ ጋር ብቻችሁን እንዳትሆኑ ቢያደርግ ደስ ይበላችሁ። ጥሩ ድርጅት ማለት ይህ ነው።

የልጁን ፎቶ ገጻችሁ ላይ አትለጥፉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕጻናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 ልጅ ግላዊ ሕይወቱ እንዲጠበቅለት መብት ይሰጠዋል። ዛሬ የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ነገ ሥራ ለመቀጠር ስሙ ሲፈለግ «ድሃው ልጅ» ተብሎ መገኘት የለበትም።

9. ድርጅት ሳይኖር በራሳችሁ የምትደግፉ ከሆነ

ቤተሰቡን በቅርብ የምታውቁት ከሆነ ድርጅት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ብዙ ሰው የሚረዳውም እንዲህ ነው። ግን መላ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ከእናት ወይም ከአሳዳጊ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ልጁ በሌለበት። ምን ያስፈልጋል፣ ምን ያህል ጊዜ፣ እናንተ የምትችሉት የቱን ነው። በአንድ ገጽ ወረቀት ጻፉት። ውል ይሁን ማለቴ አይደለም። ሁለታችሁም የምታስታውሱት ነገር እንዲኖር ነው። የትምህርት ቤቱን ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ክፈሉና ደረሰኙን ለእናትየው ስጡ። ለቀሪው ግን እሷን እመኑ። ወር ላይ ኪራይ ጎድሎ የደብተሩን ገንዘብ ብትከፍልበት ልጁን ከመንገድ አዳነችው እንጂ አላታለለችም። ጎዶሎው በየወሩ ከሆነ ስለ ኪራዩ እንደገና ተነጋገሩ። ምናልባት ከዩኒፎርሙ ይልቅ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ መክፈሉ ልጁን ትምህርት ቤት ያቆየው ይሆናል።

ከሰው ፊት አትስጡ። ጎረቤት ባለበት ፖስታ ማቀበል ቤተሰቡን ያሳፍራል። ከሁለታችሁም ጋር የሚግባባ አንድ የታመነ ሰው፣ ለምሳሌ አስተማሪ፣ ነገሩን ይወቅ፤ አለመግባባት ሲነሳ የሚያስታርቅ ይኖራል፣ እናንተ ብትታመሙም የሚያሳውቅ አይጠፋም። ልጁን ብቻውን ቤታችሁ አታሳድሩት። የቤት ሥራም አታሠሩት፤ ድጋፉ ወዲያው ወደ ጉልበት ክፍያ ይለወጣል።

10. መቋረጡ ካልቀረ

ሦስት ዓይነት መጨረሻ አለ። አንደኛው ልጁ አድጎ መጨረሱ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ድርጅቱን ጠይቁ፦ ከዚህ በኋላ ምን ይጠብቀዋል? የሙያ ሥልጠና አለ? የሥራ ማመልከቻ የሚያግዘው ሰው አለ? ከተማ ውስጥ ትምህርት ጨርሶ ሥራ የሚፈልገው ወጣት ብዙ ስለሆነ ያ የመጨረሻ ዓመት ትልቅ ክብደት አለው።

ሁለተኛው ቤተሰቡ ከተማውን ለቆ መሄዱ ነው። ድርጅቱ አንድ ቀን «ልጁ ከፕሮግራሙ ወጥቷል፣ ሌላ ልጅ እንስጥዎ?» ብሎ ይጽፍላችኋል። እሺ ከማለታችሁ በፊት ወዴት እንደሄደ፣ እዚያ ትምህርት እንደገባ፣ የመጨረሻ ደብዳቤ ማድረስ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዴ ጥያቄያችሁ ራሱ ሠራተኛው ሄዶ እንዲያጣራ ያደርገዋል፤ ልጁም ከሦስት ሰፈር ወዲያ ይገኛል።

ሦስተኛው እናንተ መክፈል ሲያቅታችሁ ነው። ካርዳችሁን ዘግታችሁ አትጥፉ። ቢቻል ከሦስት ወር በፊት ለድርጅቱ ንገሩ፤ ሌላ ደጋፊ ለመፈለግ ጊዜ ያገኛሉ። ከመክፈል ውጪ በደብዳቤ ብቻ የሚቀጥሉበት መንገድ ካለም ጠይቁ፤ አንዳንድ ድርጅቶች ይህን ይፈቅዳሉ። ከዚያ ለልጁ ጻፉለት። ምክንያቱ እሱ እንዳልሆነ በግልጽ ንገሩት፦ «ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እኔ ደጋፊህ አልሆንም። ያጠፋኸው ምንም ነገር የለም፤ የእኔ ሥራ ስለተለወጠ ነው። ደብዳቤዎችህን ሁሉ አስቀምጫቸዋለሁ።» ደብዳቤው ለመተርጎምና ለመድረስ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ የመጨረሻው ክፍያ ከመቆረጡ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ላኩት።